ከጓሮው በር አጠገብ ያለችው መደብ

ሚያዝያ 18

ይድረስ ለልጄ ለጭምቱ፣

እንደምን ሰነበትክ? ከናፍቆትህና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር እኔ ደህና ነኝ። ወንድምህ ችኩሉም ደህና ነው፤ ዛሬም ቁርሱን ቆሞ ነው የሚበላው። ጎረቤቶች አሁንም "የአክስትህ ልጅ ጻፈ ወይ?" እያሉ ይጠይቁታል። እሱም "ወንድሜ ነው የሚጽፈው" ይላቸዋል። ደግ አደረገ። እህቴ አንተን በእጄ ትታ ካረፈች ጀምሮ በዚህ ቤት ሌላ ስም አናውቅም።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም እንዳትል። ስልኩ የወንድምህ ነው፤ ሲደወል ድምፁን ለቆ መሀል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ማውራት የፈለግሁት ደግሞ ስለ እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያምናው በቆሎ አሳፈረን። ማዳበሪያውን በጊዜው በተንን፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደበት። በቆሎው እስከ ጉልበት ድረስ አምሮ አደገና ከዚያ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ስንሸለቅቀው ፍሬው እዚህም እዚያም ብቻ፣ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ መስሏል። ችኩሉ አንዱን ይዞ አገላብጦ ሲያየው ቆየና "እኛ ማዳበሪያ የምንገዛው ለበቆሎ አይደለም፤ ለሰማይና ለወንዝ ነው" አለ። አለና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለምሰሶ የሚሆን የዛፍ ችግኝ አምጥቶ ግቢውን ሞላው። ማሳውን ዛፍ ተክሎበት እሱ የጭነት መኪና ሊነዳ ነው። ዛፍ ደግሞ አንዴ ከገባ በእኔ ዕድሜ አይወጣም። ከዚያ በኋላ እኔ ጠዋት ተነሥቼ ምን ላይ ልውል ነው?

ለመንኩት። ለምኜ ለምኜ አንድ ክረምት ሰጠኝ። "በቆሎው ማዳበሪያውን መብላቱን በዓይኔ ካየሁ ችግኙን ላገኘሁት ሰው እሰጣለሁ፤ ካላየሁ ጥቅምት ላይ ጉድጓድ እቆፍራለሁ" ብሏል። ወንድምህን ታውቀዋለህ፤ ካለ አለ ነው።

አንተ ዓመት እስከ ዓመት ከአፈር ጋር ነህ። ገንዘብ እንዳትልክ፤ መላ ላክልኝ። ደግሞ መቼ ነው የምትመጣው?

የምትወድህ እናትህ

ግንቦት 11

ይድረስ ለእቴቴ፣

ሰላምታዬ ከጉልበትሽ ይጀምር፤ ጉልበትሽን ስሜያለሁ፣ የቀኙን ደግሞ ሁለቴ። እኔ ደህና ነኝ። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ስለሆነች ወለሉ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ ካልሲ ሳላደርግ ነው የምውለው። ሥራዬንም ጠይቀሻል። አፈር በጠርሙስ እሞላለሁ፤ ማዳበሪያ እጨምርበታለሁ፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ እዘጋና ምን እንደሚተነፍስ እለካለሁ። አለቃዬ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመች በኋላዬ ትመጣና "ዛሬስ አፈሩ ምን አለ?" ትለኛለች። ይኸው ነው ሥራዬ።

ችኩሉ ስለ ሰማይና ስለ ወንዝ የተናገረው ቀልድ ቢመስለውም እውነቱን ነው። ዩሪያ እርጥብ አፈር ላይ ተበትኖ እንዲሁ ሲተው ቶሎ ይለወጥና ወደ አየር ይበናል፤ ያ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ እሱ ነው። አፈር ውስጥ የገባውን ደግሞ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ውኃ ጠርጎ ወደሚወስደው ነገር ይቀይሩታል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ በታች ይወርዳል። በቆሎው ገና ልጅ እያለ ማዕዱ ይነሣበታል ማለት ነው፤ ሊበላ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ሰሐኑ ባዶ ነው።

ማዳበሪያ ብንጨምር የሚጨምረው ኪሳራው ነው። ማዘግየት ነው ያለብን። ወደዚያ ከሚመጣ የሥራ ጓደኛዬ ጋር አንድ ጠርሙስ ሰማያዊ ፈሳሽ ልኬያለሁ። ዩሪያውን በርሜል ውስጥ ጨምራችሁ ፈሳሹን እያንጠባጠባችሁ አንከባሉት፤ ፍሬው ሁሉ ሰማያዊ እስኪሆን። እነዚያን ነፍሳት አይገድላቸውም፤ ያዘገያቸዋል። ከበቆሎው ጎን ጫር አድርጋችሁ ጨምሩና በአፈር ሸፍኑት። ጓንትም አብሬ ልኬያለሁ፤ ቀለሙ በቀላሉ አይለቅም።

አሁን ዋናውን ነገር አድምጪኝ። ችኩሉ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ስለዚህ ከአራቱ መደብ ሦስቱን በሰማያዊው አድርጉ። አንዷን ግን እንደ ድሮው ያልተቀባውን በላይዋ በትናችሁ ተዉአት። መጠኑ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሁን። ልዩነቱን የምታሳየው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ችኩሉ "ዝናቡ ጥሩ ስለነበረ ነው" ይልና ያበቃል። አደራ እቴቴ፤ ያቺን መደብ አትንኪያት።

ልጅሽ ጭምቱ

ሐምሌ 6

ይድረስ ለጭምቱ፣ ለአፈር ሐኪሙ፣

ጤናህ ይብዛልኝ። ጠርሙሱ ሳይሰበር ደረሰ። በርሜሉን እኔና ወንድምህ ከጓሮ እስከ ጎተራ ስናንከባልል ባለወፍጮው በአጥሩ ላይ ሆኖ አየን። የእሱ ማሳ ከእኛ ጋር የሚዋሰን መሆኑን አትርሳ፤ የምናደርገውን ሁሉ ያያል። "ማዳበሪያውን ለሠርግ እየኳላችሁት ነው?" አለን። ችኩሉ እንዴት እንደ ሳቀ! ከእሱ ጋር ሆኖ በእኔ ለመሳቅ ሲሆን መቼ ይቸኩላል፤ ይቆያል።

ጓንቱን ለወንድምህ ሰጠሁት። እኔ አፈር በጓንት መንካት ሰው በጨርቅ ሸፍኖ እንደ መሳም ይሆንብኛል። እጄም ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። በሳሙናም በአመድም አልለቅ ብሎ፣ ገበያ ስሄድ እጄን በነጠላዬ ደብቄ ነው የተደራደርኩት። ሽንኩርት ሻጯ ደብቄ የያዝኩት ገንዘብ መስሏት ዋጋ ጨመረችብኝ።

ያልካትንም መደብ ለይተናታል። ችኩሉ ራሱ መረጠ፤ ከጓሮው በር አጠገብ ያለችውን። "ስወጣ ስገባ እንዳያት" አለ። ያልተቀባውን በላይዋ በተነባት፣ እኔም አልነካኋትም። ዝናቡ ግን በማግስቱ ጀምሮ ይኸው አላባራም። እሱ ሲወጣ ሲገባ ያያታል እንጂ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር የምውለው እኔ ነኝ። ዕቃ ሳጥብ ፊት ለፊቴ ናት። ውኃ ስደፋ ፊት ለፊቴ ናት።

መቼ እንደምትመጣ ባለፈው ጠይቄህ ዘለልከው። ምናልባት የወረቀቱ ጫፍ ላይ ስለነበረ አላየኸው ይሆናል፤ ስለዚህ አሁን መሀል ላይ ጻፍኩት። መቼ ነው የምትመጣው?

በርሜሉ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ማዳበሪያ ተርፎ ነበር። በጣሳ አስቀምጬዋለሁ፤ ለማንኛውም።

እናትህ

ነሐሴ 2

ይድረስ ለእቴቴ፣

ለአንቺም ለችኩሉም ሰላም ይብዛ። ደብዳቤሽን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ የሽንኩርት ሻጯ ነገር ሲያስቀኝ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሴትዮ ወጥታ አየችኝ።

ጣሳው አልጣመኝም። ምን ማለት ነው "ለማንኛውም"? የተረፈውን ለጎመን ስጪው። መደቧ በዚህ ሰሞን ቢጫ ትሆን ይሆናል፤ ብትሆን አትደንግጪ። እንዲያውም እሰይ በይ። የሦስቱ አረንጓዴነት የሚታየው እሷ ስትገረጣ ነው። ክፉ ነገር የምናገር ይመስልብኛል፤ ግን ማሳው እንዲተርፍ ከፈለግን አንዷ መራብ አለባት። ችኩሉ የሰጠሽ አንድ ክረምት መሆኑን አትርሺ።

ስለ መምጣቴ ጠይቀሻል። ሥራው በዝቷል፤ ጠርሙሶቹን ጥሎ መሄድ አይቻልም። እናያለን።

ልጅሽ ጭምቱ

ነሐሴ 27

ይድረስ ለጭምቱ፣

ሁላችን ደህና ነን። መደቧም ደህና ናት። ላሚቱ ወለደች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የጓሮው በር ማጠፊያው ረግቦ ሲከፈት ይጮኻል፤ ችኩሉ ነገ እሠራዋለሁ ካለ ሰነበተ። የባለወፍጮው ሚስት እግሯን ወለም ብሏት ሄጄ ጠየቅኋት። ጉልበቴም እንዳለ ነው። አንተ በደንብ ብላ።

እናትህ

መስከረም 24

ይድረስ ለእቴቴ፣

እንዴት ነሽ? ጥጃዋስ? ካለፈው አጭር ደብዳቤሽ በኋላ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልሽ፤ መልስ አላገኘሁም። ዛሬ ችኩሉ ደወለልኝ። እየሳቀ ነው፤ ግን ደስ ብሎት የሳቀ አልመሰለኝም። "ሰማህ ወይ ዶክተር፣ ያልተቀባችው መደብ ከሁሉም በለጠች። ያንተ ሰማያዊ መድኃኒት በቆሎውን አቀጨጨው። ጉድጓዱን ልጀምር ነው" አለኝ።

እቴቴ፣ ምን ልበልሽ? ይህ ሊሆን የሚችል ነገር አይደለም። ቢበዛ የሠጋሁት እኩል እንዳይሆኑ ነበር፤ መብለጥማ ጭራሽ አልታየኝም። ጠርሙሶቼን እንደ ገና ከፍቼ ለካሁ። ለአለቃዬ ነገርኳት፤ የሱፍ ፍሬዋን መቆርጠም አቁማ አሰበችና "አፈር አንዳንዴ ያሾፍብናል" አለችኝ። ያ ለእሷ ጨዋታ ነው። ለእኔ ግን ማሳሽ ነው፤ የምትውይበት ቦታ ነው። በባዶ ተስፋ ሞላሁሽ፣ አንድ ክረምትሽን በላሁብሽ።

አሁን የምጽፈውን ልተወው ብዬ ደጋግሜ አጥፍቼዋለሁ። ለምን አትመጣም ትይኛለሽ። ልጅ ሆኜ ዳቦ ስታካፍዪን እኩል ነበር የምትቆርሺው፤ ለእኔ አንድም ቀን አልጎደለብኝም። ግን እኔ ባልኖር ለችኩሉ ሙሉው ይደርሰው እንደ ነበር አውቅ ነበር። አንቺም ያንቺን ድርሻ ለሁለት ስትከፍዪው አይቼሻለሁ። በእናንተ ማዕድ ላይ የተጨመርኩ እኔ ነኝ። ርቄ የሄድኩትም ቢያንስ አንድ ሰሐን ላቅልል ብዬ ነው። በስተርጅናሽ ደግሞ ይኸው ማሳሽንም አስበላሁሽ። ይቅር በይኝ።

ጭምቱ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለልጄ፣ ለዚያ ዝም ብሎ ሲያስብ ለሚከርመው፣

ጤናህን ይስጥህ፤ ልቦናውንም ይጨምርልህ። ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ አሁን ደግሞ ልስቅ ነው። በተራ እነግርሃለሁ።

ያቺ መደብ ምን ሆነች መሰለህ። እንዳልከው ገረጣች። ከታች ጀምራ ቢጫ ሆነች። ሦስቱ እህቶቿ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ቅጠላቸውን ሲዘረጉ እሷ በሩ ሥር ተኮራምታ ቀረች። አደራህን አስቤ ፊቴን አዞርኩ። ዕቃ ማጠቢያዬን ሁሉ ወደ ሌላው ጎን ወሰድኩት። ግን ምን ያደርጋል፣ አንጀቴን በላችው። ሦስቱ ጠግበው አንዷ ቆማ ስታያቸው እኔ ምሳዬ እንዴት ይዋጥልኝ? አንድ ቀን ችኩሉ ገበያ ሲሄድ ጣሳዬን አወጣሁ። ከእያንዳንዱ ግንድ ጎን ጫር እያደረግሁ የተረፈውን ሰማያዊ በሙሉ ሰጠኋት፣ በአፈርም ሸፈንኩላት። እንዲህ አንድ ማዳበሪያ ቀድማ ወስዳ ሳለ በላዩ ላይ ሌላ ተጨመረላት። ከዚያማ ማን ይቻላት! ከሁሉም አልፋ ሄደች። እኔም ጉዴ ፈላ። ለዚህ ነው ስለ በር ማጠፊያና ስለ ባለወፍጮው ሚስት እግር የጻፍኩልህ።

እናገራለሁ እያልኩ አንድ ቀን ሌላ ቀን ሲገፋው ከረምኩ። ሰኞ ዕለት ችኩሉ ዶማ ይዞ ወጣና የመጀመሪያውን ጉድጓድ ልክ ከእሷ ራስጌ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ሲቆፍር ቻልኩ። ከዚያ ሮጬ ወጣሁ፤ ጉልበቴንም ረሳሁት። መደቧ መሀል ገብቼ "እኔን ቅበረኝ!" አልኩት። ደንግጦ ዶማውን ጣለ። ሁሉንም ነገርኩት።

ችኩሉ ከቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ አለ፤ ቁጭ ብሎ ሳየው ራሱ ጉድ ነው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እኔም እኮ አይቻታለሁ" አለኝ። "ሦስቱ አረንጓዴ ሆነው እሷ ብቻዋን ቢጫ በሆነች ጊዜ አይቻለሁ። መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት መሆኑን ገብቶኝ ነበር። ለአንቺ አልነገርኩሽም፤ መኪናውን ልቤ ስለ ከጀለው። በኋላ ድንገት ስትነሣ እሰይ፣ ገላገለችኝ ብዬ ዝም አልኩ።" ለካ እኔ ከእሱ ስደብቅ እሱም ከእኔ ይደብቅ ኖሯል። በአንድ ጣራ ሥር!

ከዚያ ተነሥቶ እስከ ባለወፍጮው አጥር ሄደ። የባለወፍጮው በቆሎ ዘሩ ከእኛው ዘር ነው፤ ማዳበሪያውንም በዚያው ሰሞን እንደ ድሮው በላዩ በትኖ ነበር። ቅጠሉ እስከ ወገቡ ደርቋል። ችኩሉ የእነሱን አንድ ራስ በቆሎ፣ ከሦስቱ መደብ ደግሞ የእኛን አንድ ራስ ሸልቅቆ ጎን ለጎን ያዘና ተመለሰ፤ የእነሱ እንዳምናው ጥርሱ የረገፈ፣ የእኛ ሙሉ ነው። "በዓይኔ ካየሁ ብዬ ነበር፤ አየሁ" አለ። ጉድጓዱን በእግሩ ደፈነው። ችግኙን ባለወፍጮው ለአጥሩ ወስዶታል፤ አሁን እሱ ነው የሚሣቅበት። መኪናውን ግን አልተወውም። አዝመራው ከገባ በኋላ እነዳለሁ፣ ለዘር እመለሳለሁ ብሏል። ይሁን፣ እኔም ይህን አልከለክለውም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው።

አንተ ማዕዳችን ላይ ተጨመርኩ ትላለህ። አንተ ከመምጣትህ በፊት ሙሉውን ዳቦ የሚያገኝ ልጅ ነበረኝ። ሙሉውን አቀርብለታለሁ፤ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ይተወዋል። ስንቱን ቀን እያባበልኩ፣ እያጫወትኩ፣ እያለቀስኩ አጉርሼዋለሁ። አንገቱ ክር ሆኖ ነበር። አንተ መጥተህ ከጎኑ በተቀመጥክ ቀን የአንተን ድርሻ አየ፣ የራሱን አየ፣ ከዚያ እንዳትቀድመው ብሎ ላፍ ላፍ አደረገው። ቆሞ መብላት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። እኔ ያንን እያየሁ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ድርሻዬን ከፍዬ ስሰጣችሁ አየህ፤ የጠገብኩትን ግን አላየህም። ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ እያሰብክ መቀመጥህን ባውቅ ኖሮ በእግሬም ቢሆን መጥቼ ጆሮህን እጠመዝዘው ነበር።

እንኳን አንተን፣ አንዲት የበቆሎ መደብ ከሌሎቹ ለይቶ ማስራብ አቅቶኛል። ይህን አውቀህ ና።

እናትህ

ኅዳር 3

ይድረስ ለእናቴ፣

ሰላምታው ስመጣ ይደርሳል።

ደብዳቤሽን ጠርሙሶቹ መሀል ተቀምጬ አነበብኩት። አለቃዬ ገብታ ዓይኔን አየችና "አፈሩ ምን አለ?" አለችኝ። ነገርኳት። ጣሳው ላይ ስደርስ የሱፍ ፍሬው ትን አላት። እንደ ሙከራ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አበላሽተሽዋል፤ ለማንም ሰው ወረቀት ላይ ጽፌ ማሳየት አልችልም። ችኩሉ ግን የሚፈልገውን አይቷል፤ ያቺ መደብ ጣሳሽ ሳይደርስላት ብቻዋን መገርጣቷ ይበቃል። እኔም ስጠይቅ ለኖርኩት መልሱን አግኝቻለሁ። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ እንዳትደነግጪ፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ለዘር እመጣለሁ። ፈቃዴን ተቀብያለሁ፣ ጠርሙሶቹን ሌላ ሰው ይጠብቃቸዋል። የበሩን ማጠፊያ ችኩሉ ካልሠራው እኔ እሠራዋለሁ። ሰማያዊውንም ይዤ እመጣለሁ።

ለችኩሉ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ሙከራውን እንደ ገና እናደርገዋለን፤ ያልተቀባችው መደብ ግን በዚህኛው ዙር ከባለወፍጮው አጥር ጥግ ትሁን፣ ከቤት የማትታይበት። ጣሳው ደግሞ እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው።

ልጅሽ